ፓኬጁ ሳይጠየቅ ሰርቪስ ሲያስነሳ፦ የኢንስቶሌሽን ስክሪፕቱን ማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው፣ ሱቁ ደሴ ፒያሳ። ሁለቱም ጋ ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት ነው) የተጫነበት ሰርቨር አለ። ሥራውን የሚሠራው የኮምቦልቻው ነው። የደሴው ተጠባባቂ ነው፤ የኮምቦልቻው ማሽን ሲሞት ብቻ እንዲነሳ የተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ የመጋዘን ፕሮግራሙ እዚያ ላይ መጥፋት አለበት። አንድ ቀን አፕዴት ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወለ፦ «ወንድሜ፣ አንድ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሁለት ቦታ ወጥቷል። የቱን ልያዝ?»

የደሴውን ፕሮግራም ማንም ሰው አላስነሳውም። ያስነሳው ፕሮግራሙ ታሽጎ የመጣበት ፓኬጅ ነው። ኢንስቶል ሲደረግ የሚሮጠው ስክሪፕት ውስጥ አንዲት መስመር አለች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ሰርቪሱን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሮጠውን ፕሮግራም፣ ትለኩሳለች።

ይህ መመሪያ ያቺን መስመር ማግኘትና ማስተካከል ላይ ነው። ለዴቢያንና ለኡቡንቱ ይሆናል። ፕሮግራሙን «ጎተራ» እንበለው፤ ስሙ የፈጠራ ነው። ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ትጽፏቸዋላችሁ። ትልልቁ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጉዳቱን አስቁሙ

ስክሪፕት ከማንበባችሁ በፊት፣ ሰርቪሱን መነሳት በሌለበት ማሽን ላይ አጥፉት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው ጎተራ.ሰርቪስ

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦

ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-አክቲቭ ጎተራ.ሰርቪስ
ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ ጎተራ.ሰርቪስ

የመጀመሪያው «አሁን እየሠራ ነው ወይ?» ይላል። ሁለተኛው «ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል ወይ?» ነው። ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን አይቶ ይተዋል። ሰርቪሱን ስቶፕ ብቻ ካላችሁት ዛሬ ጸጥ ይላል። ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል፣ ጎተራም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ሁለቱም መልስ «አይ» መሆን አለበት።

ጥፋተኛውን መለየት

ፓኬጁን ከመወንጀላችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ሰርቪሱ መቼ እንደተነሳ የማሽኑ መዝገብ፣ ጆርናሉ፣ ይናገራል፦

ጆርናልሲቲኤል -ዩ ጎተራ.ሰርቪስ

ፓኬጁ መቼ እንደተዋቀረ ደግሞ /ቫር/ሎግ/ዲፒኬጂ.ሎግ ላይ ተጽፏል። «ኮንፊገር» የሚለው መስመርና ጆርናሉ ላይ ያለው «ስታርትድ» በሰከንዶች ልዩነት ከገጠሙ ነገሩ አለቀ። ካልገጠሙ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ኡቡንቱ ላይ ለምሳሌ ኒድሪስታርት የሚባል መሣሪያ አለ። ከአፕዴት በኋላ አሮጌ ላይብረሪ የያዙ ሰርቪሶችን ሪስታርት የሚያደርገው እሱ ነው።

አሁን ወደ ስክሪፕቶቹ። ኢንስቶል የተደረገ ፓኬጅ ሁሉ ስክሪፕቶቹን /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ/ ውስጥ ያስቀምጣል። አራት ናቸው፦ ፕሪኢንስት፣ ፖስትኢንስት፣ ፕሪአርኤም፣ ፖስትአርኤም። ሁለቱ ፋይሎቹ ከፓኬጁ ወጥተው ማሽኑ ላይ ከመራገፋቸው በፊትና በኋላ ይሮጣሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ፓኬጁ ከማሽኑ ከመወገዱ በፊትና በኋላ። የእኛ ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጎተራ.ፖስትኢንስት ነው። ክፈቱትና «ሲስተምሲቲኤል»፣ «ሰርቪስ» እና «ኢኒት.ዲ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ።

እኛ ያገኘነው ይህን ነው፦

ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው ጎተራ.ሰርቪስ

ከላይ ሴት -ኢ አለ፤ አንድ ትእዛዝ ከከሸፈ ስክሪፕቱ ወዲያው ይቁም ማለት ነው። ከታች ምንም የለም። ቁልጭ ያለች አንድ መስመር ናት፤ ሦስት ጥፋት ግን ይዛለች።

ምኑ ነው ስህተቱ?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ዴቢያን ላይ ሰርቪስ ያለው ፓኬጅ ኢንስቶል ሲደረግ ሰርቪሱ ወዲያው መነሳቱ የተለመደ ነው። ኤስኤስኤች ሰርቨር ጭናችሁ ወዲያው ቢሠራ ማንም አይገረምም። እነ ፌዶራ ዘንድ ልማዱ ሌላ ነው፤ እዚያ ፓኬጅ ሰርቪስን ራሱ አያስነሳም፣ አብሮ መነሳት አለመነሳቱንም ፕሪሴት የሚባል ዝርዝር ይወስናል። ስለዚህ «ማስነሳት በራሱ ኃጢአት ነው» አልልም። ችግሩ ሳይጠይቁ ማስነሳት ነው። ቤታችሁ መጥቶ ሳይጠይቅ ምድጃ የሚለኩስ እንግዳ ዓይነት።

አንደኛ፣ መስመሯ የማሽኑን ባለቤት ውሳኔ ትሽራለች። እኛ ደሴ ላይ ሰርቪሱን ዲሴብል አድርገነው ነበር። አፕዴት በመጣ ቁጥር መልሳ ኢኔብል ታደርገዋለች።

ሁለተኛ፣ አዲስ ኢንስቶሌሽንን ከአፕግሬድ አትለይም። ፖስትኢንስት ሲጠራ የመጀመሪያው አርጉመንት «ኮንፊገር» ነው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት የተዋቀረው የፓኬጁ ቨርዥን ነው፤ አዲስ ከሆነ ባዶ ነው። መረጃው እጇ ላይ እያለ አላየችውም።

ሦስተኛ፣ ትክክለኛውን በር አልፋ ነው የገባችው። የዴቢያን ፖሊሲ ስክሪፕቶች ሰርቪስን በቀጥታ እንዳይነኩ ያዛል። በመሃል አስታራቂ አለ። ሰርቪሶችን ለሚያስነሳው ለድሮው የኢኒት ሥርዓት ኢንቮክ-አርሲ.ዲ፣ እሱን ለተካው ለሲስተምዲ ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ። ሁለቱም ከማስነሳታቸው በፊት /ዩኤስአር/ኤስቢን/ፖሊሲ-አርሲ.ዲ የሚባል ፋይል ካለ ይጠይቁታል። ፋይሉ 101 ብሎ ከመለሰ «ተከልክሏል» ማለት ነው፤ ይተዋሉ። በቀጥታ የተጠራ ሲስተምሲቲኤል ግን ይህን ፋይል ዞር ብሎም አያየው።

እስኪስተካከል ድረስ ምን እናድርግ?

ትክክለኛው ፓኬጅ እስኪደርስ ሦስት ማስታገሻ አለ። ሁሉም ለሁሉም ችግር አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ፖሊሲ-አርሲ.ዲ ነው። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

#!/ቢን/ኤስኤች
ኬዝ "$1" ኢን
  ጎተራ*) ኤግዚት 101 ;;
ኢሳክ
ኤግዚት 0

ፈቃዱን 755 አድርጉት። ኮከቧን አትርሱ፤ አንዱ ጠሪ ስሙን ብቻውን ይሰጣል፣ ሌላው «.ሰርቪስ» ጨምሮ ይሰጣል። ብዙ ቦታ ሰዎች ኤግዚት 101 ብቻ ጽፈው ሲተዉት ታያላችሁ። እሱ ሁሉንም ይከለክላል። የደኅንነት አፕዴት መጥቶ ሌላ ሰርቪስ ሪስታርት ማድረግ ቢያስፈልግም አይሆንም። ይህ መንገድ የሚሠራው ግን ስክሪፕቱ በትክክለኛው በር ከገባ ብቻ ነው። ለእኛይቱ መስመር አይረዳም።

ሁለተኛው ማስክ ነው፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ማስክ ጎተራ.ሰርቪስ

ይህ የሰርቪሱን ስም ከ/ዴቭ/ነል ጋር ያገናኘዋል፤ ከዚያ በኋላ በምንም መንገድ አይነሳም። ጠንካራ ነው። ግን ስክሪፕቱ ሴት -ኢ አለው፤ ሲስተምሲቲኤል «ማስክ ተደርጓል» ብሎ ስህተት ሲመልስ ስክሪፕቱም ወዲያው ይሞታል። ፓኬጁ በግማሽ ተዋቅሮ ይቀራል፣ ፓኬጅ የሚያወርደው ኤፒቲም በተጠራ ቁጥር ያኮርፋል። ሰርቪሱ አልተነሳም፤ እናንተ ግን አዲስ ችግር ገዛችሁ።

ሦስተኛው ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው ነው። ከኤፒቲ ሥር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ዲፒኬጂ ማራገፍንና ማዋቀርን ለይቶ መሥራት ይችላል። መጀመሪያ አራግፍ ብቻ በሉት፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --አንፓክ ጎተራ.ዴብ

አሁን ፋይሎቹ ወርደዋል፤ ፖስትኢንስት ግን ገና አልሮጠም። /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ/ጎተራ.ፖስትኢንስትን ክፈቱና ጥፋተኛዋን መስመር በ# ዝጉ። ከዚያ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር ጎተራ

በግማሽ ተዋቅሮ የተጋደመ ፓኬጅ ካለባችሁም አብሽሩ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ስክሪፕቱን አርሙና --ኮንፊገር በሉት። ማስታገሻ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ቀጣዩ አፕዴት ስክሪፕቱን መልሶ ይጽፈዋል።

ሶርሱ እጃችሁ ላይ ካለ

ፓኬጁን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ፣ ወይም የሠራው ሰው ሶርሱን (ፓኬጁ የሚገነባበትን ኮድ) ከሰጣችሁ፣ በእጅ የተጻፈውን የሰርቪስ ክፍል ጠቅላላ አውጡት። ሥራውን ለፓኬጅ መገንቢያ መሣሪያው ለዴብሄልፐር ስጡት። ፖስትኢንስት ውስጥ #ዴብሄልፐር# የምትል ምልክት ትቀመጣለች፤ ይህቺ በላቲን ስትጻፍ ሁሉም በትልልቁ ፊደል ነው። ፓኬጁ ሲገነባ ዴብሄልፐር በእሷ ቦታ ትክክለኛውን ኮድ ይተካል።

ከዚያ ግንባታውን በሚመራው ሩልስ ፋይል ላይ ፍላጎታችሁን ንገሩት፦

ኦቨርራይድ_ዲኤች_ኢንስቶልሲስተምዲ:
	ዲኤች_ኢንስቶልሲስተምዲ --ኖ-ኢኔብል --ኖ-ስታርት

--ኖ-ኢኔብል «ማሽኑ ሲነሳ አብሮ አይነሳ» ነው፤ --ኖ-ስታርት «ኢንስቶል ስትሆን አታስነሳው»። ለጎተራ ሁለቱንም የመረጥነው በምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ዳታቤዙ የት እንዳለ ካልተነገረው ምንም አይሠራም። ሳይዋቀር ቢነሳ ወይ ወድቆ ሎግ ይሞላል፣ ወይ የማይሆን ዳታቤዝ ይከፍታል። ለሌላ ፕሮግራም ሌላ ምርጫ ልክ ሊሆን ይችላል።

ገንብታችሁ ስትጨርሱ የወጣውን ፖስትኢንስት ከፍታችሁ አንብቡ። ስንፍና አያሸንፋችሁ። የዴብሄልፐር ቨርዥኖች የሚያወጡት ኮድ ይለያያል፣ በተለይ አፕግሬድ ላይ። ፓኬጅ የሚፈትሸውን ሊንቲያንንም አሩጡበት፤ ስክሪፕት ሲስተምሲቲኤልን በቀጥታ ሲጠራ የሚይዝ ማስጠንቀቂያ አለው።

ሶርሱ ከሌላችሁ

የእኛ ጉዳይ ይህ ነበር፤ የመጣልን ዴብ ፋይሉ፣ ማለትም የታሸገው ፓኬጅ፣ ብቻ ነው። ይህም ይቻላል፦

ዲፒኬጂ-ዴብ --ሮው-ኤክስትራክት ጎተራ.ዴብ ሥራ
ዲፒኬጂ-ዴብ --ሩት-ኦውነር-ግሩፕ --ቢልድ ሥራ ጎተራ-አዲስ.ዴብ

የመጀመሪያው ፓኬጁን «ሥራ» ወደሚባል ፎልደር ይፈታዋል። ሁለተኛው መልሶ ያሽገዋል። በመሃል ሥራ/ዴቢያን/ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ይህ ፎልደር በላቲን በትልልቁ ፊደል ነው የተጻፈው። ፖስትኢንስት እዚያ አለ። ኢኔብል --ናው የሚለውን መስመር አውጥታችሁ በዚህ ተኩት፦

ኢፍ [ "$1" = "ኮንፊገር" ] && [ -ዲ /ራን/ሲስተምዲ/ሲስተም ]; ዜን
  ሲስተምሲቲኤል --ሲስተም ዴመን-ሪሎድ || ትሩ
  ኢፍ [ -ኤን "$2" ]; ዜን
    ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ ሪስታርት ጎተራ.ሰርቪስ || ትሩ
  ፋይ
ፋይ

መስመር በመስመር እንየው። /ራን/ሲስተምዲ/ሲስተም መኖሩን የምንጠይቀው ሲስተምዲ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ነው፤ በክሩት (ለብቻው በተከለለ የፋይል ሥርዓት) ወይም በኮንቴይነር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ዴመን-ሪሎድ ምንም አያስነሳም። የሰርቪስ ፋይሎችን እንደገና አንብብ ማለት ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ብንጠራው ችግር የለውም። ከዚያ «$2 ባዶ ካልሆነ» ይላል፤ ማለትም አፕግሬድ ከሆነ ብቻ። አዲስ ኢንስቶሌሽን ላይ ዝም ይላል፣ ባለቤቱ አዋቅሮ ሲጨርስ በእጁ ያስነሳዋል።

«ሪስታርት ከተባለ ደሴ ላይ ሊነሳ አይደል?» የሚል ይኖራል። አይነሳም። ዴብ-ሲስተምዲ-ኢንቮክ ዲሴብል የተደረገና አሁን የማይሠራ ሰርቪስን አያስነሳም፤ መልእክት ጽፎ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሰርቪሱ ኢኔብል ስለሆነ ሪስታርት ይደረጋል፣ አዲሱ ቨርዥን ሥራ ይጀምራል። አንድ መስመር ለሁለቱም ማሽን ትክክለኛውን ነገር ታደርጋለች። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ሰርቪሱ ኢኔብል ሆኖ ሳለ ለጊዜው በእጃችሁ አቁማችሁት ከሆነ ይነሳል። ቆጠራ ላይ እያላችሁ አፕዴት አታድርጉ።

|| ትሩ የሚለው ሰርቪሱ መነሳት ቢያቅተው ኢንስቶሌሽኑ እንዳይወድቅ ነው። ዋጋ አለው፤ ስህተቱ ጆርናል ውስጥ ይቀራል እንጂ ዓይናችሁ ፊት አይመጣም። እኔ ግን በግማሽ ከተዋቀረ ፓኬጅ ይህንን እመርጣለሁ።

ከማሸጋችሁ በፊት ሦስት ነገር። ኤስኤች -ኤን ፖስትኢንስት ብላችሁ ሰዋስዉን ፈትሹ፤ ስክሪፕቱን ሳያሮጥ ስህተት ካለ ይናገራል። የፋይሉ ፈቃድ 755 መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ዲፒኬጂ-ዴብ አላሽግም ሊል ይችላል። ኮንትሮል ፋይሉ ላይ ደግሞ ቨርዥኑን ቀይሩ። 2.3-1 ከነበረ 2.3-1+ደሴ1 አድርጉት፤ ቁጥሩ ውስጥ «ደሴ» በላቲን ነው የሚጻፈው። ይህ ከ2.3-1 ይበልጣል፣ ከ2.3-2 ያንሳል። የትኛው ማሽን ላይ የተስተካከለው እንዳለ በአንድ ዓይን ይታያችኋል።

ፕሪአርኤምንም ሳታዩ አትለፉ። አፕግሬድ ሲደረግ መጀመሪያ የሚሮጠው የአሮጌው ፓኬጅ ፕሪአርኤም ነው። አሮጌው ሰርቪሱን የሚያቆም ከሆነ ያቆመዋል፤ አዲሱ ፓኬጃችሁ ይህንን ማስቀረት አይችልም። ለዚህም ነው ከላይ «ሰርቪሱ አሁን እየሠራ ከሆነ ብቻ ሪስታርት አድርግ» ብዬ ያልጻፍኩት። እንዲያ ቢሆን ፕሪአርኤም አስቀድሞ ያቆመውን የኮምቦልቻ ሰርቪስ የሚያስነሳው አይገኝም ነበር።

በዴብሄልፐር መንገድ ያለ --ኖ-ኢኔብል ለሄዳችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ዴብሄልፐር የሚያወጣው ኮድ ሰርቪሱ ከዚህ በፊት ኢኔብል እንደነበር የሚያውቀው ራሱ ካስቀመጠው መዝገብ ነው። አሮጌው ፓኬጅ በቀጥታ ሲስተምሲቲኤል ሲጠራ ስለኖረ መዝገቡ የለም። መዝገብ ከሌለ «አዲስ ነው» ብሎ ኢኔብል ያደርገዋል። ተጠባባቂውን ማሽን ከመጀመሪያው አፕግሬድ በፊት ማስክ አድርጉት፤ ዴብሄልፐር እናንተ ያደረጋችሁትን ማስክ አያነሳም። አፕግሬዱ ሲያልቅ ዲሴብል አድርጉትና ማስኩን አንሱ።

ሙከራ

ዶከር ውስጥ አትሞክሩት። የዴቢያንና የኡቡንቱ የዶከር ኢሜጆች ውስጣቸው 101 የሚመልስ ፖሊሲ-አርሲ.ዲ አላቸው፤ ሲስተምዲም አይሮጥባቸውም። ሰርቪሱ አይነሳም፣ እናንተም «ተስተካክሏል» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ሲስተምዲ በትክክል የሚሠራበት ቨርቹዋል ማሽን ተጠቀሙ።

የምትሞክሯቸው ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው፦ ባዶ ማሽን ላይ አዲስ ኢንስቶሌሽን፤ ሰርቪሱ እየሠራ አፕግሬድ፤ ዲሴብል ሆኖና ቆሞ አፕግሬድ፤ ማስክ ሆኖ አፕግሬድ። በእያንዳንዱ በፊትና በኋላ ኢዝ-አክቲቭና ኢዝ-ኢኔብልድ ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉት። የአፕግሬዱ መነሻ አሮጌው፣ ጥፋተኛው ቨርዥን ይሁን። ከተስተካከለው ወደ ተስተካከለው መሞከር ምንም አያሳይም። ከእያንዳንዱ በኋላ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉና እንደገና ጠይቁ። የትኛው ስክሪፕት በምን አርጉመንት እንደተጠራ ማየት ከፈለጋችሁ ዲፒኬጂን በ--ዲበግ=2 ጥሩት።

ኢንስቶሌሽኑ «ሴቲንግ አፕ» ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀር ፓኬጁ ዴብኮንፍ (ኢንስቶል ሲደረግ ጥያቄ የሚጠይቅ መሣሪያ) ይጠቀም እንደሆነ እዩ። ከስክሪፕቱ የተነሳ ፕሮግራም የዴብኮንፍን ቧንቧ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ዴብኮንፍም እስኪዘጋለት ይጠብቃል። ሰርቪሱ ከመነሳቱ በፊት ዲቢ_ስቶፕ የሚል መስመር ጨምሩ።

ወደ ሥራ ማሽኖቹ

በተጠባባቂው ጀምሩ። ደሴ ላይ ጭናችሁ ሰርቪሱ አለመነሳቱን ካያችሁ በኋላ ወደ ኮምቦልቻው ሂዱ። ሥራ ላይ ያለውን ማሽን ከሩቅ በኤስኤስኤች አፕዴት ማድረግ ይቻላል፤ መጋዘኑ ሲዘጋ ይሁን እንጂ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መሄድ የሚያስፈልገው ማሽኑ አልነሳም ካለ ነው። ከጫናችሁ በኋላ ሰርቪሱ መመለሱን አረጋግጡ፣ አንድ የሙከራ ደረሰኝም አውጡ።

ከዚያ ሁለቱም ላይ፦

ሱዶ ኤፒቲ-ማርክ ሆልድ ጎተራ

ይህ ካልተደረገ 2.3-2 በወጣ ቀን ኤፒቲ የእናንተን አንስቶ ጥፋተኛውን ስክሪፕት ይመልሳል። ሆልድ ግን የደኅንነት ማስተካከያንም ያግዳል፤ ዘላለም አይተውም። ፓኬጁን ለሚሠራው ሰው የተስተካከለውን ክፍል ላኩለት። «ፕሮግራምህ አይሠራም» ብላችሁ ሳይሆን የሙከራ ውጤታችሁን አያይዛችሁ፦ ከዚህ ቨርዥን ወደዚህ፣ በፊት ዲሴብል፣ በኋላ ኢኔብል። እንዲህ ሲመጣለት ለማስተካከል ብዙ አይፈጅበትም።

የተስተካከለው ከእሱ ሲመጣ ፖስትኢንስቱን ከፍታችሁ አንብቡ፣ ሙከራውን ድገሙ፣ ከዚያ አንሆልድ አድርጉ። መጀመሪያ ላይ ፖሊሲ-አርሲ.ዲ ጽፋችሁ ከነበረ ያን ጊዜ አጥፉት። ካልጠፋ ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ጎተራን አፕዴት አድርጎ «ለምን ሪስታርት አላደረገም?» እያለ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።